ትምህርቴን ሳልጎዳ ምን ልሥራ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከቤት የሚላክልኝ ብር ለፎቶ ኮፒና ለታክሲ እንኳ አልበቃ አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቤት ለቤት ማስጠናትን አስቀድሚ። መነሻ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በተለይ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ወላጆች ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠና አጥብቀው ይፈልጋሉ።

ዋናው ስሌት መንገዱ ነው። ከስድስት ኪሎ አያት ድረስ እየሄድሽ ሁለት ሰዓት ብታስጠኚ፣ ሌላው ሰዓትሽ በታክሲ ሰልፍ ያልቃል። ቅርብሽ ያሉት ሽሮ ሜዳ ወይም አራት ኪሎ ትንሽ ቀንሰው ቢከፍሉሽም ይሻልሻል።

ያገናኘሽ ደላላ ከሆነ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ስንት እንደሚወስድ ቀድመሽ ጠይቂ። ሥራ ሳይሰጥሽ የመመዝገቢያ ክፈይ የሚልሽን ግን ተይው።

ልጁ ሲቀር ክፍያው እንዴት እንደሚሆን ከወላጆቹ ጋር ተነጋገሪ። ያስጠናሽበትን ቀን በደብተር እየጻፍሽ እናትየውን አስፈርሚ፤ ወር ሲሞላ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነውና። የማታውቂው ቤት ነውና መጀመሪያ ቀን ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ይህን አደራ እላለሁ። በሳምንት ከሦስት ቀን አትለፊ፤ የራስሽ ፈተና ሲደርስ እንደምታቆሚም ከወዲሁ ንገሪያቸው።