የተሳሳተው መልስ ምን ይነግረናል? ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘናና የክፍል ውስጥ ትምህርት

ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት አንባቢ አንዲት የ8ኛ ክፍል ጥያቄ እንዲሠራልን እንጠይቃለን። 1/3 - 1/4 ስንት እንደሚሆን ለማግኘት ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው?

ሀ. (1 - 1)/(4 - 3)
ለ. 1/(4 - 3)
ሐ. (3 - 4)/(3 × 4)
መ. (4 - 3)/(3 × 4)

ይህች ጥያቄ በ2011 «ቲምስ» በተባለው ዓለም አቀፍ ምዘና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበች ናት። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መልሷ «መ» ነው። ከደቡብ ኮሪያ ተማሪዎች 86 በመቶው በትክክል መልሰዋታል። የተሳታፊ አገሮች አማካይ 37 በመቶ፣ የአሜሪካ 29 በመቶ ሲሆን የፊንላንድ ግን 16 በመቶ ብቻ ነበር። አራት ምርጫ ያለውን ጥያቄ ጨርሶ ሳያነብ በግምት የሚያጠቁር ተማሪ እንኳ ከአራት አንዱን ያገኛል። ስለዚህ ከ25 በመቶ ያነሰ ውጤት የሚያመለክተው ባዶ አእምሮን አይደለም፤ ተማሪዎቹን ከትክክለኛው መንገድ አርቆ ወደ ሌላ የሚስብ አንድ የተደራጀ አስተሳሰብ መኖሩን ነው።

የሚያስገርመው አገሪቱ ፊንላንድ መሆኗ ነው። «ፒሳ» በተባለው ሌላ ምዘና ፊንላንድ በ2006 በሳይንስ 563 ነጥብ አግኝታ ከዓለም አንደኛ ወጥታለች፤ የትምህርት ባለሥልጣናትም የስኬቷን ምሥጢር ለመመርመር ከየአገሩ ወደ ሄልሲንኪ ይጎርፉ ነበር። በዚያው በ2011 የቲምስ ምዘናም ቢሆን በ8ኛ ክፍል ሒሳብ ያገኘችው 514 ነጥብ ከመለኪያው መካከለኛ ከ500 በላይ ነው። የደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ የተመለከተ ሰው የፊንላንድ ልጆች ክፍልፋይ መቀነስ እንደሚቸግራቸው ፈጽሞ አይጠረጥርም። የአንዲት ጥያቄን ውጤት የተመለከተ መምህር ግን ሰኞ ጠዋት ምን ማስተማር እንዳለበት ያውቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ምዘናዎች ለክፍል የሚጠቅመው የቱ እንደሆነ መመርመር ነው።

ስለ ምዘናዎቹ ምንነት በአጭሩ እንግለጽ። ቲምስ የትምህርት ውጤት ግምገማ ዓለም አቀፍ ማኅበር ከ1995 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ የሚያካሂደው የሒሳብና የሳይንስ ምዘና ሲሆን፣ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን በአመዛኙ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ካለው ይጠይቃል። ፒሳ ደግሞ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2000 የጀመረው፣ የ15 ዓመት ወጣቶች በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ያገኙትን ዕውቀት በኑሮ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠቀሙበት የሚመረምር ነው። በሁለቱም ዘንድ ጥያቄዎቹ በልዩ ልዩ ጥራዞች ተከፋፍለው ስለሚታደሉ አንድ ተማሪ የሚሠራው ከጠቅላላው ጥቂቱን ብቻ ነው። በመሆኑም ውጤቱ ስለ ተማሪዎች ስብስብ እንጂ ስለ አንድ ልጅ ወይም ስለ አንድ መምህር ብቃት አይናገርም። ተፈታኞቹም ናሙና ስለሆኑ እያንዳንዱ አማካይ የስህተት ክልል አለው፤ በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ የተበላለጡ ሁለት አገሮች ብዙውን ጊዜ ተበላለጡ ለማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «ሀ»ን የመረጠ ተማሪ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ለያይቶ ቀንሷል። ክፍልፋይን እንደ አንድ ቁጥር አያየውም፤ ከላይና ከታች የተቀመጡ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች አድርጎ ነው የሚያየው። መልሱ 0/1 ወይም ዜሮ ይሆንበታል፤ ይህም 1/3 እና 1/4 እኩል ናቸው ማለት ነው። በእርሻ አገር ያደገ ልጅ ለባለመሬቱ ሲሶ በሚሰጥና እርቦ በሚሰጥ ገበሬ መካከል ልዩነት እንዳለ ሳያውቅ አይቀርም። ችግሩ ያንን ዕውቀት ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ጋር አለማገናኘቱ ነው። «ለ»ን የመረጠው ላዕሉን እንዳለ ትቶ ታህቶቹን ቀንሷል፤ መልሱም 1 ይሆንበታል፤ ከሲሶ ላይ ሩብ ተቀንሶ ሙሉው ተረፈ እንደ ማለት ነው። «ሐ»ን የመረጠው ግን የተለየ ልጅ ነው። የጋራ ታህት መፈለግ እንዳለበት ያውቃል፤ የተሳሳተው በቅደም ተከተሉ ላይ ስለሆነ መልሱ ከዜሮ በታች ይሆንበታል።

እነዚህ ሦስት ተማሪዎች በመምህሩ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ዜሮ ነው የሚያገኙት። የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ግን ለየቅል ነው። ለሦስተኛው 1/3 እንዴት ወደ 4/12 እንደሚለወጥ በእርጋታ ደግሞ እንዲሠራ ማድረግ ሊበቃው ይችላል። ለመጀመሪያው ግን የጋራ ታህት አወጣጥን መቶ ጊዜ ቢደግሙለት ከላዩ ላይ መለጠፍ ነው፤ ክፍልፋይ በቁጥር መስመር ላይ የራሱ ቦታ ያለው ቁጥር መሆኑን ገና አልተቀበለምና። በእኛ አስተያየት የምዘናዎቹ ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፤ ጥያቄ አውጪዎቹ የተሳሳቱትን ምርጫዎች የሚያዘጋጁት ተማሪዎች በእርግጥ ከሚሠሯቸው ስህተቶች ተነሥተው ነው። ከየዙሩ በኋላም ከጥያቄዎቹ የተወሰኑት ለሕዝብ ስለሚለቀቁ ማንኛውም መምህር በነጻ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ከምዘናዎቹ ጋር ተያይዞ ከሚቀርበው መጠይቅ የሚገኘውን መረጃ በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንድ አገር ውስጥ በሒሳብ ችሎታቸው የሚተማመኑ ተማሪዎች ከማይተማመኑት የተሻለ ውጤት ያመጣሉ። አገሮች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከፍተኛ ውጤት የሚያመጡት የጃፓንና የኮሪያ ተማሪዎች ስለ ራሳቸው ችሎታ ዝቅተኛ ግምት ካላቸው መካከል ናቸው። ሁለተኛውን ብቻ ያየ ሰው «በራስ መተማመን ውጤት ይቀንሳል» ብሎ ቢደመድም ታላቅ ስህተት ይሆናል። በአገሮች መካከል የሚታይ ዝምድና በአንድ ክፍል ውስጥ ባሉ ልጆች መካከል ላይኖር ይችላል። የስታቲስቲክስ ተማሪዎች ይህን ምሳሌ በማስታወሻቸው ቢይዙት አይጎዱም።

ከፈተናው ይልቅ ክፍሉን በቀጥታ የተመለከተም ጥናት አለ። ከ1999ኙ ቲምስ ጋር በተያያዘው የቪዲዮ ጥናት በሰባት አገሮች የተቀረጹ 638 የ8ኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርቶች ተመርምረዋል። ተመራማሪዎቹ መምህሩ ካቀረባቸው ጥያቄዎች ውስጥ ተማሪው ሐሳቦችን እንዲያገናኝና ምክንያት እንዲሰጥ የሚጋብዙትን ለይተው ቆጠሩ። በሆንግ ኮንግ እነዚህ 13 በመቶ፣ በአሜሪካ 17 በመቶ ሆነው ተገኙ። እስከዚህ ድረስ አሜሪካ የበለጠች ትመስላለች። ቀጥሎ የተጠየቀው ግን ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ምን ሆነ የሚለው ነው። በሆንግ ኮንግ ወደ ግማሽ የሚጠጉት፣ ማለትም 46 በመቶው፣ እስከ መጨረሻው ማመራመሪያ ሆነው ዘለቁ። በአሜሪካ ግን እንደዚያ የዘለቀ የለም ማለት ይቻላል፤ መምህሩ መሐል ላይ ገብቶ ወደ ስሌት ወይም ወደ መልሱ ቀይሯቸዋል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በምሳሌ እናሳይ። መምህሩ «አምስት ጎን ያለው ቅርጽ የውስጥ ማዕዘኖቹ ድምር ስንት ነው? ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ተማሪዎቹ ዝም ይላሉ። ዝምታው መምህሩን ያስጨንቀዋል፤ ደወሉም ደርሷል። «ከጎኖቹ ብዛት ሁለት ቀንሳችሁ በ180 አባዙ» ይላል። ሁሉም 540 ብለው ይጽፋሉ። ቅርጹ በሦስት ጎነ ሦስቶች እንደሚከፈል ያየ ግን አንድም የለም። ጥያቄው ሞተ፤ በመጽሐፉ ላይ ግን አሁንም ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዚህ የምንረዳው የመማሪያ መጽሐፍ መለወጥ ብቻውን ብዙም እንደማይጠቅም ነው።

ይህን በተግባር ከሞከሩት ጀርመን ትጠቀሳለች። የ1995ቱ የቲምስ ውጤት ጀርመኖችን ስላስደነገጣቸው በ1998 ሲኑስ የተባለ መርሐ ግብር በ180 ትምህርት ቤቶች ጀመሩ። በኪል ከተማ የሚገኘው የሳይንስ ትምህርት ምርምር ተቋም መርሐ ግብሩን አስተባበረ። መምህራኑ 11 የሥራ ዘርፎች ቀረቡላቸው፤ ከእነዚህም መካከል የመልመጃ ጥያቄዎችን ማሻሻልና ከስህተት መማር ይገኙበታል። የአንድ ትምህርት ቤት የሒሳብና የሳይንስ መምህራን አብረው ዘርፍ ይመርጣሉ፣ ጥያቄዎችን ይከልሳሉ፣ ክፍል ውስጥ ሞክረው ተመልሰው ይወያያሉ። ከላይ የወረደ የትምህርት ዕቅድ አልነበረም። ከ2003 እስከ 2007 ባለው ጊዜ መርሐ ግብሩ ከ1,700 በላይ ትምህርት ቤቶችን አዳርሷል። በፒሳ የጀርመን የሒሳብ ውጤት በ2003 ከነበረበት 503 በ2012 ወደ 514 ከፍ ብሎ ነበር፤ በ2022 ግን ወደ 475 ወርዷል። መውጣቱን ለሲኑስ ብቻ፣ መውረዱንም ለወረርሽኙ ብቻ መስጠት ተገቢ አይመስለንም።

ኢትዮጵያ እስከ 2023ቱ ቲምስና እስከ 2022ቱ ፒሳ ድረስ በሁለቱም አልተሳተፈችም። ከ2000 ጀምሮ ግን የራሷን አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና በ4ኛና በ8ኛ ክፍል ስታካሂድ ቆይታለች። ሕዝቡ የሚያውቀውና የሚጨነቅለት ግን የ12ኛ ክፍል ፈተናን ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ አገሩ ሁሉ ተነጋግሮበታል። የተነጋገረበት ግን ስለ ቁጥሩ ነበር። ያልተመለሱት ጥያቄዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ተማሪዎቹም በየትኛው የተሳሳተ ምርጫ ላይ እንደ ተሰበሰቡ ቢታወቅ ኖሮ የ9ኛ ክፍል መምህር የሚይዘው ነገር ያገኝ ነበር። በ2004 በሳተላይት የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት ያስታወሰ አንባቢም ነገሩን ይረዳዋል። ፕላዝማው ይጠይቃል፣ ለጥቂት ጊዜ ይጠብቃል፣ መልሱን ያሳያል፣ ያልፋል፤ ከክፍሉ ማን ምን ብሎ እንደ መለሰ ግን የሚያይበት ዐይን የለውም።

ጥሩ የምርመራ ጥያቄ ለማውጣት ቴክኖሎጂ አያስፈልግም፤ ቁጥሮቹን አስቦ መምረጥ ይበቃል። አስርዮሽን እንውሰድ። ብዙ ተማሪዎች 0.35 ከ0.4 ይበልጣል ይላሉ፤ 35 ከ4 ስለሚበልጥ። ሌሎች ደግሞ ከነጥብ በኋላ አኃዙ በበዛ ቁጥር ቁጥሩ ያንሳል ብለው ያምናሉ። ከ0.4፣ ከ0.35 እና ከ0.278 ትልቁን ምረጡ ብንላቸው የመጀመሪያዎቹ 0.278 ብለው ይሳሳታሉ፤ የሁለተኛዎቹ ግን 0.4 ብለው ያገኛሉ፤ ትክክለኛ መልስ በተሳሳተ ምክንያት። እኛም «ጎበዝ» ብለን እናልፋቸዋለን። ጥያቄውን ከ0.3፣ ከ0.52 እና ከ0.417 ትልቁን ምረጡ ወደሚል ብንለውጠው ግን አንደኛው ቡድን 0.417፣ ሁለተኛው 0.3 ይላል፤ ያወቀው ብቻ 0.52 ይላል። ሦስቱም በየእጃቸው ይለያሉ። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ጽፎ እጅ ቢያስወጣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።