ያመለጠሽን ፎቶ ቁጠሪ፦ ካሜራ ለምትገዛ ልጄ

ልጄ፣

«ጋሼ፣ ከደመወዜ ቆጥቤአለሁ፤ የቱን ካሜራ ልግዛ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ወዲያው ያልመለስኩልሽ መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ጥያቄሽ ከራስሽ ሳይሆን ከገበያው ስለጀመረ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። ፊልም በ36 ፍሬ ተቆጥሮ በሚሰጠን ዘመን ጀምሬ ዲጂታሉ ላይ ደርሻለሁ። ውድ ካሜራ ገዝተው ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ካሜራውን የመረጡት በሌላ ሰው ኑሮ ለክተው ነበር። አንቺ እንዲህ እንዳይደርስብሽ የምነግርሽን በተራ ያዢልኝ።

1. መጀመሪያ ያመለጠሽን ፎቶ ቁጠሪ።

ገንዘቡን ለአንድ ወር አትንኪው። ትንሽ ደብተር ያዢና ልታነሺው ፈልገሽ ያልሆነልሽን ፎቶ ሁሉ ከነምክንያቱ ጻፊ። «አያቴ ቡና ስትቀዳ፤ ቤቱ ጨለማ ስለነበር እጇ ደብዝዞ ወጣ።» «የእህቴ ልጅ ሲሮጥ፤ ስልኩ እስኪያነሳ አለፈኝ።» «ጥምቀት ላይ ፈረሰኞቹ፤ ሩቅ ነበሩ።» በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ግለጪው። ጨለማ የበዛበት ደብተር አንድ ዓይነት ካሜራ ይጠይቃል፤ ርቀት የበዛበት ሌላ ዓይነት። «ካሜራ አልያዝኩም ነበር» የሚለው ከበዛ ደግሞ የሚያስፈልግሽ ከሁለቱም የተለየ ነው። ከሻጭም ሆነ ከእኔ በፊት የምታማክሪው ይህን ደብተር ይሁን።

2. ስልክሽን አትናቂው።

ስልክ በቀን ብርሃን ያነሳው ፎቶ ታጥቦ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል አያሳፍርም። አንዴ ስትነኪው ብዙ ፎቶ አከታትሎ አንስቶ አንድ ላይ ያዋህዳል፤ የሰማዩን ብርሃንና የጥላውን ጨለማ ያስታርቃል። ድክመቱን ግን እወቂ። ዋናው ሌንሱ ሰፋ አድርጎ የሚያይ ስለሆነ ፊት አጠገብ ስትጠጊ አፍንጫ ይገዝፋል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በይ። በጣትሽ ዘርግተሽ ስታቀርቢው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፎቶውን ቆርጠሽ እያሰፋሽው እንጂ እየቀረብሽ አይደለም። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው፤ ብዙ ጊዜ ጉም የሚመስለው የጣት ቅባት ነው። ደብተርሽ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ከተጻፈ ገንዘብሽን አስቀምጪ። ካሜራሽ እጅሽ ላይ ነው።

3. በሜጋፒክሰል አትታለዪ።

ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራልሽ ቁጥር ይህ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሚባለው ጥሩ የኅትመት ልክ፣ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶ የሚፈልገው ወደ 2 ሜጋፒክሰል ነው፤ 20 በ30 የሆነው ደግሞ 8 ተኩል ገደማ። 12 ሜጋፒክሰል ያለው ካሜራ ለቤተሰብ አልበም ከበቂ በላይ ነው።

የሚበልጠው ነገር ብርሃን የሚያርፍበት የሴንሰሩ ስፋት ነው። ክረምት ላይ ሳፋና ሲኒ ደጅ አስቀምጪ፤ ዝናቡ እኩል ይዘንባል፣ የሚያጠራቅሙት ውሃ ግን እኩል አይሆንም። ሙሉ ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው 23.5 በ15.6 ገደማ፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስ ደግሞ 17.3 በ13 ነው። የስልክሽ ሴንሰር ከአውራ ጣትሽ ጥፍር ያንሳል። በጠራራ ፀሐይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ሻማና ኩራዝ ባለበት ቤት ግን ትንሹ ሴንሰር ፎቶውን አሸዋ የተበተነበት ያስመስለዋል።

4. ዓይነቶቹን በሥራቸው ለዪ።

ዲኤስኤልአር ውስጡ መስታወት አለው፤ በመመልከቻው የምታዪው በሌንሱ የገባውን ብርሃን እንዳለ ነው። ባትሪው ብዙ ይቆያል። አምራቾቹ ፊታቸውን ቀጥዬ ወደምነግርሽ ዓይነት ስላዞሩ ያገለገለውን በደህና ዋጋ ታገኚዋለሽ። ሚረርለስ መስታወት የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ፓናሶኒክ ጂ1 ብሎ ካወጣው ወዲህ ገበያውን የወረሰው ይህ ዓይነት ነው። ቀለል ይላል፤ ባትሪ ግን ቶሎ ይጨርሳል።

ትልቁን ልዩነት በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። እናትሽ እሑድ ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ፎቶውን የሚሞላው ነጩ ነው። ካሜራው ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቷም ጥላ ውስጥ ይቀራል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ አንድ ደረጃ ወደ መደመሩ ስትወስጂው ፊቷ ይመለሳል። ሚረርለስ ይህን ከመጫንሽ በፊት በመመልከቻው ውስጥ ያሳይሻል፤ በዲኤስኤልአር መመልከቻ ግን ስህተትሽን የምታውቂው ካነሳሽ በኋላ ነው። ለጀማሪ አስቀድሞ ማየት ትልቅ አስተማሪ ነው።

5. ከካሜራው ይልቅ ለሌንሱ አስቢ።

ከካሜራው ጋር የሚሰጡሽ 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለመንገድና ለሜዳ ይበቃል፤ ቤት ውስጥ ግን ዓይኑ ጠባብ ነው። በቁጥር ላስረዳሽ። አፐርቸር የሚባለው የብርሃን መግቢያ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል። 1.8 ላይ የሚገባው ብርሃን እንዲህ ባለው ጠባብ ሌንስ 5.6 ላይ ከሚገባው አሥር እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። አያትሽ ከመስኮቱ ራቅ ብላ ቡና ስትቀዳ በ1.8 የሰከንድ 1/60 የሚበቃው ፎቶ፣ በ5.6 ወደ 1/6 ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጀበናው ይዘነበላል፣ ቡናው ሲኒው ውስጥ ይወርዳል፣ እጇም ይንቀሳቀሳል። ፎቶው የሚደበዝዘው በዚህ እንጂ አንቺ ስላልቻልሽ አይደለም።

ሁሉም «50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግዢ» ይልሻል። በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ 50ው እንደ 75 ጠበብ አድርጎ ስለሚያይ በጠባብ ሳሎን ጀርባሽ ግድግዳ እስኪነካ ያስኬድሻል። ለዕለት ተዕለት 35 ሚሊ ሜትር፣ 1.8 የሆነውን ምረጪ። ደብተርሽ ርቀት ያበዛ ከሆነ ብቻ እስከ 200 የሚደርስ ዙም ፈልጊ።

6. ክብደቱን በትከሻሽ መዝኚው።

ሙሉ ፍሬም ካሜራ ከትልቅ ዙም ጋር ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ከመግዛትሽ በፊት ያን ያህል ስኳር ቦርሳሽ ውስጥ ከተቺና ለሦስት ቀን በታክሲ ሥራ ሂጂበት፣ ተመለሺበት። በሦስተኛው ቀን ቤት ትተሽው ከወጣሽ ካሜራውንም ትተሽው ትወጫለሽ። ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ የሲኒማ ፊልም የሚወስድ ትንሽ ካሜራ የሠራው አስም ስለነበረበትና የዘመኑ ካሜራ ስለከበደው ነው ይባላል። ያ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ ተብሎ ላይፕዚግ ላይ ሲቀርብ የሰው ዕለታዊ ኑሮ በፎቶ መቅረት ቻለ። 36 በ24 የሚለው ልክም የመጣው ከእርሱ ነው።

በእኛም አገር፣ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ በነበሩት በአርመናውያኑ ቦያጂያኖች ጊዜ፣ ሰው ክቱን ለብሶ ወደ ካሜራው ይሄድ ነበር። እኔ ስሠራም የፎቶ ቤቱ ካሜራ ማታ ማታ ይቆለፍበት ነበር። ስለዚህ የእናቴ ፎቶ ያለኝ አንድ ነው፤ በሥዕል መጋረጃ ፊት፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። እንጀራ ስትጋግር የሚያሳይ የለኝም። ምድጃው አጠገብ ሊገባ የሚችል ካሜራ ግዢ የምልሽ ለዚህ ነው።

7. ያገለገለ ስትገዢ ዓይንሽን ክፈቺ።

ወጣት ሳለሁ ያገለገለ ሌንስ በወር ደመወዜ ገዝቼ ቤት ስደርስ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ሻጋታ ነበረው። ሻጩ መልስልኝ ብለው አልሰማኝም። አንቺ ሌንሱን በስልክሽ መብራት ከኋላ እያበራሽ በፊት ለፊቱ ተመልከቺ። ሻተሩ፣ ማለትም ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠይቂ፤ ለብዙዎቹ 100 ሺህ ገደማ የሚጠበቅ ዕድሜ ነው። አፐርቸሩን 16 ላይ አድርገሽ ነጭ ግድግዳ አንሺ፤ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ካለ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚልክልሽ ከሆነ ሌንሱ ከካሜራሽ ጋር እንዲገጥም ሙሉ ስሙን ጽፈሽ ስጪው፤ ቻርጀሩም 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ይይልሽ። ክረምት ሲገባ ሌንስሽን በቆዳ ቦርሳ ውስጥ አትተዪው። በሚከደን ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አኑሪው።

8. ከገንዘብሽ ለማሳጠቢያ አስቀሪ።

ያለሽን ሁሉ ካሜራው ላይ አትጨርሺ። ሁለተኛ ባትሪና ከታወቀ ቦታ የተገዛ ሜሞሪ ካርድ ያስፈልግሻል። ከዚያ የተረፈው ፎቶ ማሳጠቢያ ይሁን። ስልክ ይሰረቃል፣ ካርድ ይበላሻል፤ አልበም ግን እንግዳ ሲመጣ ከቁም ሳጥን ይወጣል።

ፍርዴን ከፈለግሽ ይኸው። ደብተርሽ እንደ ብዙ ሰው ጨለማና የሚንቀሳቀስ ልጅ የሞላበት ከሆነ ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ያለው ቀላል ሚረርለስ ከ35ው ሌንስ ጋር ግዢ። ገንዘቡ ካልደረሰ ደህና የተያዘ ዲኤስኤልአር ከዚያው ሌንስ ጋር ይበቃሻል። ደብተሩ ባዶ ከሆነ ምንም አትግዢ።

ወሩ እስኪያልቅ ግን አያትሽ አትጠብቅሽ ይሆናል። በዚህ እሑድ ስልክሽን ይዘሽ ሂጂ። ረከቦቱን ወደ መስኮቱ አስጠጊላት፤ መስኮቱ ከጀርባዋ ሳይሆን ከጎኗ ይሁን። ከዚያ ስትቀዳ አንሺያት።