ወንጌላት ምን ዓይነት ጽሑፍ ናቸው?

«ወንጌላት ታሪክ ናቸው ወይስ ስብከት?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ተጠቅልለዋል። ፈትተን እንያቸው። አንደኛው የዘውግ ጥያቄ ነው። ዘውግ የምንለው ጸሐፊና አንባቢ አስቀድመው የሚግባቡበትን የጽሑፍ ዓይነት ነው፤ ገድል፣ ዜና መዋዕልና የሕይወት ታሪክ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወግ አላቸው። ሁለተኛው የታሪካዊ ተዓማኒነት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ጽሑፉ ሆነ ያለው ነገር በእርግጥ ስለ መሆኑ የምንቀበልበት በቂ ምክንያት አለን ወይ ማለት ነው። ዘውጉ ይቅደም። ዘውጉን ሳናውቅ ተዓማኒነቱን ከመዘንን ጸሐፊውን ቃል ባልገባበት ነገር እንጠይቀዋለን።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቡልትማን ወንጌላት ከምእመናን የቃል ትውፊት የተገኙና አቻ የሌላቸው ጽሑፎች ናቸው፣ የሕይወት ታሪክም አይደሉም ሲል አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1992 ግን እንግሊዛዊው ሪቻርድ በሪጅ ከግሪክና ከሮማ የሕይወት ታሪኮች ጋር አስተያያቸው። በርዝመታቸው፣ በአወቃቀራቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድ ሰው ሥራና ቃል ላይ በማተኮራቸው የእነዚያ ወገን ሆነው አገኛቸው። ክርክሩ ፈጽሞ ባይዘጋም የበሪጅ ማስረጃ ይበልጥ ያሳምነኛል።

የጥንት የሕይወት ታሪክ ግን ዛሬ ከምናውቀው ይለያል። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ታላቁ እስክንድር ሲጽፍ ዓላማው የሰውየውን ጠባይ ማሳየት እንጂ ሁሉንም ድርጊት መዘርዘር እንዳልሆነ አስቀድሞ ተናግሯል። ማርቆስም ስለ ጌታ ልደትና ልጅነት ምንም ሳይጽፍ፣ ከ16ቱ ምዕራፎች ከ11ኛው ጀምሮ ያለውን በኢየሩሳሌም ለሆነው ለመጨረሻው ሳምንት ሰጥቷል። በዚህ ዘውግ መምረጥም ሆነ ማደራጀት የተፈቀደ ነው።

እንግዲህ የድርጊቱን መፈጸም ከአተራረኩ ቅደም ተከተል እንለይ። የቤተ መቅደሱን መንጻት ዮሐንስ በ2ኛው ምዕራፍ ሲያስቀምጠው፣ ሦስቱ ወንጌላውያን በመጨረሻው ሳምንት ያደርጉታል። ሁለት ጊዜ ተፈጽሟል የሚሉ መምህራን አሉ፤ ዮሐንስ ለትምህርቱ ሲል አስቀድሞታል የሚሉም አሉ። በሁለቱም አተረጓጎም ድርጊቱ አይካድም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፓፒያስም ማርቆስ የጴጥሮስን ትምህርት በጥንቃቄ እንደ ጻፈ፣ ነገር ግን በቅደም ተከተል እንዳልጻፈ መስክሯል። ይህን ቃል ያቆየልን የታሪክ ጸሐፊው የቂሣርያው አውሳብዮስ ነው።

ይኸው አውሳብዮስ የአራቱን ወንጌላት ተመሳሳይ ክፍሎች ጎን ለጎን የሚያሳዩ 10 ሰንጠረዦች አዘጋጀ። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት እጅግ ጥንታዊ የግእዝ ወንጌላት እነዚህን ሰንጠረዦች በሥዕል አስጊጠው ይዘዋል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ታትያን አራቱን አዋሕዶ አንድ መጽሐፍ አድርጓቸው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አራቱን ከነልዩነታቸው ጠበቀች። ልዩነቱን አባቶቻችን ያውቁት ነበር፤ አልደበቁትምም።

ሌላው መለየት ያለብን ቃል በቃል መጥቀስንና ሐሳቡን መጠበቅን ነው። በመስቀሉ ላይ የተጻፈውን የክስ ጽሑፍ አራቱም በተለያየ አነጋገር ያቀርቡታል፤ የማርቆስ አጭሩ ነው፣ ዮሐንስ ናዝሬትን ይጨምራል። የአይሁድ ንጉሥ በመባሉ መከሰሱን ግን አራቱም ይናገራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘውጉ የሕይወት ታሪክ መሆኑ ብቻ እውነትነቱን አያረጋግጥም፤ ሐሰተኛ የሕይወት ታሪክም ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ የሚገኘውን ማስረጃ እንመረምራለን። በጌታ ላይ የፈረደውን የሮማዊውን ገዥ የጲላጦስን ስም የያዘ የድንጋይ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1961 በቂሣርያ ተገኝቷል። ሮማዊው ታኪተስም ለክርስቲያኖች ወዳጅ ሳይሆን ክርስቶስ በጲላጦስ ዘመን መገደሉን ጽፏል።

የሚያስቸግር ነገርም አለ። ሉቃስ በሄሮድስ ዘመን የሆነውን የጌታን ልደት የሶርያ ገዥ ከነበረው ከቄሬኔዎስ ቆጠራ ጋር ያያይዛል፤ አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ ግን ያንን ቆጠራ ሄሮድስ ከሞተ 10 ዓመት ገደማ በኋላ ያደርገዋል። ከዚያ የቀደመ ሌላ ቆጠራ ነበረ የሚሉ አሉ፤ ጉዳዩን የሚቆርጥ ማስረጃ ግን አልተገኘም። ጥያቄውን ክፍት አድርገን እንያዘው። የቆጠራው ጥያቄ አልተቋጨም ማለት፣ አራቱ ወንጌላውያንና ታኪተስ የተስማሙበት የጲላጦስ ፍርድ አጠራጣሪ ሆነ ማለት አይደለም።