194,313ን በብቸኛ ቁጥሮች መመንዘር

የትልቅ ቁጥር ጠባይ የሚታወቀው ሲመነዘር ነው። ለልምምድ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ዐውደ ቀመር የሚባለውን የ532 ዓመት ዙር እንውሰድ። እርሳስና ወረቀት ይበቃል፤ ካልኩሌተሩ ለማረጋገጫ ይቆይ።

መጀመሪያ ዓመቱን ወደ ቀን ይለውጡ። 532 × 365 = 194,180። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ስድስት ስለምትሆን 532 ÷ 4 = 133 ቀን ይጨምሩ። ድምሩ 194,313 ነው።

ቀጥሎ ከትንንሾቹ አካፋዮች ይጀምሩ። መጨረሻው 3 ስለሆነ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። አኃዞቹን ሲደምሩ 21 ይመጣል፤ 21 ለ3 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል፦ 194,313 ÷ 3 = 64,771። ከዚህ ወዲያ የሚሠሩት በድርሻው ላይ ነው፤ ወደ ትልቁ ቁጥር መመለስ ድካም ብቻ ነው። የ64,771 አኃዞች ድምር 25 ስለሆነ 3 አበቃለት። 64,771 ÷ 7 = 9,253። ድርሻውን ዳግመኛ ለ7 ቢያካፍሉ 6 ይተርፋል። 11፣ 13 እና 17ም ቀሪ ይተዋሉ። ለ19 ግን ያለ ቀሪ ይካፈላል፦ 9,253 ÷ 19 = 487።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ በከንቱ ይለፋል። 23 × 23 = 529፣ ከ487 ስለሚበልጥ መሞከር ያለባቸው ከ23 በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ከ19 በታች ያሉት ቀድመው ወድቀዋል፤ 19ን ሲሞክሩ 12 ይተርፋል። እንግዲህ 487 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም።

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487

አራቱም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለገቡ የአካፋዮቹ ብዛት 2 × 2 × 2 × 2 = 16 ነው።

አሁን እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ይመርምሩ። 3 × 487 = 1,461፣ የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት ቀኖች ናቸው። 19 የዐውደ አበቅቴ፣ ማለትም አበቅቴ (የጨረቃ ዕድሜ ቁጥር) የሚመለስበት የ19 ዓመት ዙር፣ ነው። እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ግን 7 ነው። 194,313 ÷ 7 = 27,759፤ ትርፍ ቀን ስለሌለ ከ532 ዓመት በኋላ እያንዳንዱ ቀን በዚያው ዕለት ይውላል። ይኸው 27,759 ደግሞ የዐውደ ማኅተም፣ ማለትም የ76 ዓመት፣ ቀኖች ልክ ነው፦ 76 × 365 + 19። 7 በቁጥራችን ውስጥ አንዴ ብቻ ስለገባ 27,759 ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። በ76ኛው ዓመት አበቅቴና ወንጌላዊ ቢገጥሙም ዕለቱ በአራት ይንሸራተታል፤ ዕለቱም አብሮ እንዲገጥም ዙሩ ሰባት ጊዜ መደገም አለበት።

በዚሁ መንገድ የ28 ዓመቱን ዐውደ ፀሐይ ይሞክሩ። 10,227 ቀን፣ ሲመነዘር 3 × 7 × 487 ይሆናል። 19 የለበትም፤ ዕለትና ወንጌላዊን ይመልሳል እንጂ አበቅቴን አይመልስም።