ሞተር ሲቀየር የቫኪዩም መስመር አዘረጋግ

አሮጌ መኪና ላይ ሌላ ሞተር ገጥሞ እንደገና መሥራት በየጋራዡ የተለመደ ነው። ስለ ካምቢዮውና ስለ ሽቦው ብዙ ይወራል፤ የቫኪዩም ጎማዎቹ ግን «መጨረሻ ላይ እንቀጥላቸዋለን» ተብለው ይተዋሉ። ይሁንና ከእነዚህ ጎማዎች አንዱ ፍሬን የሚያግዝ ስለሆነ ጉዳዩ ሚኒሞ የማስተካከል ብቻ አይደለም።

እንደሚታወቀው በቤንዚን ሞተር ፒስተኑ ሲወርድ አየር ይስባል። ትሮትል ቫልቩ ሲዘጋ በኢንቴክ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል። ቫኪዩም የምንለው ይህንኑ ነው። መስመሮቹ እንደሚከተለው ይዘረጋሉ።

1. የፍሬን ሰርቮ፦ ወፍራሙን ጎማ በቀጥታ ከማኒፎልዱ ያገኛል፤ ከሌላ ጋር አይጋራም። ቸክ ቫልቩ አየር ከሰርቮ ወደ ሞተር ብቻ እንዲያሳልፍ ይገጠማል። ተገልብጦ ከተገጠመ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል።

2. ዲስትሪቢዩተር፦ አንዳንዱ ከትሮትል ቫልቩ በላይ ካለው ቀዳዳ ይወስዳል፤ ይህ በሚኒሞ ቫኪዩም የለውም። አንዳንዱ ደግሞ ከማኒፎልዱ ይወስዳል። የትኛው እንደሆነ በሞተሩ ማኑዋል ይታያል፤ በግምት አይሆንም።

3. የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር፦ ጎማው አጭር፣ ሴንሰሩም ከማኒፎልዱ ከፍ ያለ ይሁን። አለበለዚያ ነዳጅና እርጥበት ይጠራቀምበታል።

ለቫኪዩም ያልተሠራ ስስ ጎማ ሲሳብ ይጣበቃል። ጎማው ከጭስ ማውጫው ይራቅ፣ በሹል ጠርዝ አይለፍ፣ ትርፍ ቀዳዳም ይደፈን። ከመፍታታችን በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ጎማ ምልክት አድርገን ንድፉን ወረቀት ላይ እንሣል።

በቤንዚን ፋንታ ዲዝል የሚገጥም ሰው ልብ ይበል! ዲዝል ብዙውን ጊዜ ለሰርቮ የሚበቃ ቫኪዩም በማኒፎልዱ ስለማይፈጥር የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። በአንዳንድ የቶዮታ ዲዝሎች ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ ይገኛል። ዲናሞው ፓምፕ በሌለው ከተተካ ሰርቮው ባዶውን ይቀራል።

ሌላው ነጥብ ከፍታ ነው። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል የሚባለው ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ፣ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ንባቡ ከ7 እስከ 8 ኢንች ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጌጁ 12 ስላለ ብቻ «የፒስተን ቀለበት አልቋል» ብሎ ሞተር መፍታት ልክ አይደለም። ሰርቮውም በዚያው ልክ እገዛው ስለሚቀንስ ትንሽ ሽንቁር እንኳ ችላ አይባልም።

በመጨረሻም መኪናው ከጋራዥ ሳይወጣ ይህ ይሞከር፦ ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑን አምስት ስድስቴ እንረግጣለን፤ ከዚያ ረግጠን እንደያዝን እናስነሳለን። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ንቅንቅ ካላለ መኪናው አይውጣ።