ከሰቆጣ ተነስቶ ዳክዬ ፍለጋ

ከባሕር ማዶ የመጣ የወፍ መመሪያ «ዳክዬ የሚታየው በክረምት ነው» ቢል ቃሉን እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው። በሐምሌ ሰቆጣ የገባ ተጓዥ ጭቃና ጉም ይጠብቀዋል እንጂ ከአውሮፓና ከሰሜን እስያ የሚመጡትን ዳክዬዎች አያገኝም፤ ያን ጊዜ እነሱ እዚያው በሰሜን ጫጩት ያሳድጋሉ። የሚነሱት የዚያው አገር ብርድ ሲቃረብ ስለሆነ ለጉዞው የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። «ሰቆጣ ያለችበት ዋግ እኮ የሚታወቀው በድርቅ ነው፤ ምን ዳክዬ አለው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ምድሩ ሲደርቅ የውሃ ወፍ በቀሩት ጥቂት ውሃዎች ላይ ስለሚከማች፣ ድርቀቱ ለተመልካች የሚያግዝበት ጊዜ አለ። የሚያስቸግረው ውሃውን መምረጡ ነው።

ካርታ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የተከዜን ግድብ ነው። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከጀርባው የተኛው ውሃም የዋግን ቆላ ጫፍ ይነካል። ሆኖም ሰፊ ውሃ ሁሉ የዳክዬ ውሃ አይደለም። ከሰሜን የሚመጡት አብዛኞቹ ዳክዬዎች አይጠልቁም፤ አንገታቸውን ነክረው፣ ጅራታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ አንገታቸው እስከደረሰበት ብቻ ይለቅማሉ። የተከዜ ውሃ ግን በገደል መካከል ስለተኛ ከዳር ጀምሮ ይጠልቃል፤ ከፍታውም ከወቅት ወቅት ስለሚወርድና ስለሚወጣ ዳሩ ላይ ሣር ሥር ለመስደድ ይቸገራል። ዓሣ ለሚበላ ወፍ ይስማማል። ዳክዬ የሚፈልግ ሰው ቢሄድ እንኳ መቆም ያለበት ገባር ወንዞች ደለል በሚያራግፉበት ጥግ ነው።

ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሐሸንጌ ሐይቅ ነው። በሰቆጣ–ኮረም መንገድ ተጉዘው፣ ከኮረም ወደ ማይጨው ሲያቀኑ ከመንገዱ ዳር ያገኙታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ በገጸ ምድር መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ሜዳው ቀስ እያለ ወደ ውሃው ስለሚገባ ለዳክዬ የሚመች ጥልቀት የሌለው ዳር አለው። እዚህ በቅድሚያ የሚፈለገው ማንኪያ መሰል ምንቃር ያለው ዳክዬ ነው። ወንዱ አረንጓዴ ራስ፣ ነጭ ደረትና ቡናማ ጎን ስላለው አያሳስትም። ሴቷ ግን እንደ ሌሎቹ ሴት ዳክዬዎች አመድማ ቡናማ ስለሆነች ቀለሟን ትተው ምንቃሯን ይዩ። የምንቃሩ ዳር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው፤ ውሃውን እያጣራ ደቃቁን ምግብ ያስቀራል። አንዳንዴ በቡድን ሆነው ክብ እየሠሩ ሲዋኙ ይታያል፤ ይህም ጨዋታ ሳይሆን ከሥር ያለውን ምግብ ማማሰያ ነው።

«እንግዲያው ኮረም ማደር አይሻልም?» ለሚል፣ ዳክዬ ብቻ ከሆነ የሚፈልገው፣ አዎ፣ ይሻላል። ሰቆጣን የሚያስመርጠው የገደል ወፍ ነው። ከከተማው ብዙም በማይርቀው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ዓለት ለዓለት የሚኖረውን ነጭ ክሳድ ርግብና ከኢትዮጵያና ከኤርትራ አካባቢ ውጭ የማይገኘውን ወፍራም ምንቃር ቁራ መፈለግ ይቻላል። አጥንት ከሰማይ ለቅቆ ዓለት ላይ የሚሰብረውን ጥንብ አንሳ ለማየት ደግሞ ፀሐይዋ ገደሉን እስክታሞቅ መታገሥ ነው፤ ሙቅ አየር ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ሰማያዊ ክንፍ ያለውን፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ዝይ ግን ከሐይቅ ዳር ይልቅ በደጋ ረግረግና በወንዝ ዳር ሣር ላይ ይፈልጉ።

ለሐይቁ ጉዞ ገና ሳይነጋ ይነሱ፤ ከረፋድ በኋላ ነፋሱ ውሃውን ሲያናውጠው ወፍ መለየት ያስቸግራል። ባይናኩላር፣ ጋቢ፣ ውሃና ቆሎ ይያዙ። በአካባቢው የጸጥታው ሁኔታ ስለሚለዋወጥ በዋዜማው መንገዱን ከአስተዳደሩና ከሾፌሮች ሳያጣሩ አይነሱ፤ ካልተረጋገጠ ቀኑን ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ያሳልፉት።