ኬረላን በኦናም ሰሞን መጎብኘት

ኬረላ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በዓረብ ባሕርና በምዕራብ ጋትስ ተራሮች መካከል የተዘረጋች ጠባብ ግዛት ናት። ኮኮናት፣ ቁንዶ በርበሬና ሄል ይበቅልባታል፤ ሂንዱ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን ይኖርባታል። ለሳምንት ዕረፍት የሄደ ሰው የሚያየው አያጣም። ጉዞውን የሚያሳምረው ግን ከቦታው ይልቅ የቀኑ ምርጫ ነው።

ዋናው ዝናብ ግንቦት ማለቂያ ላይ ገብቶ ሰኔንና ሐምሌን ያረሰርሳል፤ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ደግሞ ሁለተኛው ይመጣል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሰማዩ ስለሚጠራ ጎብኚ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ባሕር ዳርቻ ለመዝናናት ከሆነ ይኼ ጥሩ ነው። ሕዝቡን በደስታው ለማየት የፈለገ ሰው ግን ትንሽ ዝናብ ችሎ በኦናም በዓል ቢሄድ ይሻለዋል።

ኦናም በነሐሴ አጋማሽና በመስከረም አጋማሽ መካከል ስለሚውል ብዙ ጊዜ ከእንቁጣጣሽ አይርቅም። ማሃባሊ የተባለው ደግ ንጉሥ በዓመት አንዴ ሕዝቡን ሊጎበኝ ይመለሳል ተብሎ ስለሚታመን አቀባበሉ አሥር ቀን ይወስዳል። በየቤቱ ደጃፍ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው አበባ እየተቀነጠሰ መሬት ላይ በክብ ይደረደራል። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ የነበረው ክብ በየማለዳው ዙሪያው እየተጨመረለት በዋናው ቀን ደጁን ይሞላል።

በዋናው ቀን የሚቀርበው ሳድያ የተባለው ግብዣ ነው። የሙዝ ቅጠል ቀጭኑ ጫፍ ወደ ተመጋቢው ግራ ዞሮ ይነጠፋል፤ ከላይ በኩል ጨው፣ አቻርና የሙዝ ጥብስ፣ ከታች ሩዝ ይቀመጣል፤ አስተናጋጆቹ ወጡን በየተራ እየዞሩ ይጨምራሉ። ዓይነቱ ከሃያ ሊበልጥ ይችላል። የሚበላው በቀኝ እጅ ነው፤ የጠገበ ሰው ቅጠሉን ወደ ራሱ ያጥፋል። ሥጋ ባይኖርበትም ቅቤና እርጎ ስለሚገባበት ረቡዕና ዓርብ የሚጾም እንግዳ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

የጀልባ ውድድርም የዚሁ ወቅት ነው። በአራንሙላ ከተማ በፓምባ ወንዝ ላይ መቶ ያህል ቀዛፊ የያዙ ረጃጅም ጀልባዎች በዘፈን እየተመሩ ይወርዳሉ። በአላፑዛ የሚካሄደው የኔህሩ ዋንጫ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ከተማዋን ከጎበኙ ወዲህ የቆየ ነው። በአላፑዛ ሐይቆች ጎብኚ የሚያድርባቸው ባለ ጣሪያ ጀልባዎች ቀድሞ ሩዝና ቅመም ያጓጉዙ ነበር፤ ሳንቃቸው ያለ ምስማር በኮኮናት ገመድ ይሰፋ ነበር።

በኮቺ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1568 የተሠራውን ምኩራብና ቫስኮ ዳ ጋማ መጀመሪያ የተቀበረበትን ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ማታ ካታካሊ የተሰኘውን ጭፈራ የሚያይ ሰው ቀደም ብሎ ቢገባ ይጠቀማል፤ ተዋናዩ ፊቱን ሲቀባ ማየት የትርኢቱ ግማሽ ነው። ለኢትዮጵያውያን ከኬረላ ጋር ዝምድና አለ፦ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአገራችን ካስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናቸውም ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ ናት።

በብዙ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ሂንዱ ያልሆነ አይገባም፤ በሚፈቀድባቸውም ጫማ ይወልቃል፣ በአንዳንዶቹ ወንድ ሸሚዙን ያወልቃል። ከበር ላይ መመለስ ስድብ አይደለም።

በኦናም ዋና ቀን ሱቅና መሥሪያ ቤት በብዛት ስለሚዘጋ ገንዘብ ቀድሞ መመንዘር፣ ሆቴልና ባቡርም ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው በሙምባይ በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ከዱባይና ከዶሃ ግን ቀጥታ ወደ ኮቺ በረራ አለ። ከኢትዮጵያ ወደ ሕንድ የሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተበ ከአሥር ቀን በኋላ ስለሆነ ክትባቱ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውም።